ሥዕሉ ሌላ፣ እሳቱ ሌላ

ያወጡት ጽሑፍ የኖርዌዩን የብላክ ሜታል (የከባድ ሮክ ዓይነት) ባንድ የሜይሄምን ሙዚቃ፣ የተገለበጠ መስቀሉንና የአብያተ ክርስቲያናቱን ቃጠሎ “የወጣትነት ዓመፅ” ብሎ በአንድነት ጠቅልሎታል። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ሰይጣን በእሳት መካከል ተሥሏል፤ ልጆች ሳይቀሩ ያዩታል። ስለዚህ አስፈሪ ምስል ብቻውን አያስቆጣኝም። ፈጣኑን ከበሮማ አደንቃለሁ፣ ጉልበት አለው! የማልታገሠው እሳቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በኖርዌይ ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነደደ፤ በ1994 ደግሞ የባንዱ የባስ ጊታር ተጫዋች የነበረው ሰው በግድያና ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠል ተፈረደበት። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠለባት ከተማ ልጅ ይህን ዓመፅ ብሎ ሊያልፈው አይችልም። እባክዎ አዘጋጁ፣ ይህን አንቀጽ ያርሙት።