የፍጥነት ሰንጠረዥ የማይነግረን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቡና በምጠጣበት ቤት ወጣቶች ሰሞኑን አንድ ክርክር ይዘዋል። የሁለት የጦር አውሮፕላኖችን ፍጥነትና የመሣሪያ ብዛት ስልካቸው ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡና "ይኼ ያንን ይጥለዋል" ብለው ይፈርዳሉ። ደካማው አውሮፕላንም ጠበቃ አያጣም፤ "አብራሪው ጀግና ከሆነ ምን ይሳነዋል?" ይላል አንዱ። እኔ ሁለቱንም ፍርድ አልቀበልም። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ሰው የሚያስጨርስ እምነት ነውና።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. በአገራችን ሰማይ ላይ ያሰለፈችው ምርጥ ተዋጊ አውሮፕላን ፊያት ሲአር 42 ነበር። ድርብ ክንፍ ያለው፣ አብራሪው ነፋስ እየመታው የሚቀመጥበት፣ በሰዓት 440 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ነው። ግላዲያተር ከሚባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ጋር ሲገጥም አይተናነስም ነበር። በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበረው ሌላው የእንግሊዝ ተዋጊ፣ ሃሪኬን፣ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሲአር 42 በጠባብ ቦታ በመዞር ሃሪኬንን ይበልጠዋል፤ ሃሪኬን ግን ለምን ብሎ አብሮት ይዞራል? ከላይ ይወርዳል፣ ይተኩሳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ውጊያው መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው ፈጣኑ ነው፤ ዘገምተኛው በተጠራበት ሰዓት ይሞታል።

ማሪዮ ቪዚንቲኒ የተባለው ጣሊያናዊ በዚህ አውሮፕላን ከአሥር በላይ ጠላት እንደጣለ ተመዝግቦለታል። የሞተው የካቲት 1933 ኤርትራ ውስጥ የጠፋ ጓዱን ሲፈልግ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ነው። እሱን የመሰለ አብራሪ መኖሩ ጣሊያንን አላዳናትም። ከሰኔ 1932 ጀምሮ የስዊዝ ቦይ የባሕር መንገድ ስለተዘጋባት፣ ምትክ ተዋጊዎች ተፈታተው በትልልቅ ማመላለሻ አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ነበር የሚመጡላት። መለዋወጫው አለቀ፣ ነዳጁም ሳሳ።

የፊንላንድን ነገር ደግሞ እንይ። አሜሪካ ሠራሹን ብሩስተር ቡፋሎ የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን እንግሊዞች ማላያና ሲንጋፖር ላይ አሰልፈውት በ1934 በጃፓኖች ተደመሰሰ። አብራሪዎቹ ብዙዎቹ ከሥልጠና የወጡ ለጋዎች ነበሩ፤ አውሮፕላኑ ዕቃ በዝቶበት ከብዷል፤ ማስጠንቀቂያውም ዘግይቶ ይደርሳል። ፊንላንዶች 44 ብቻ ገዝተው፣ ከመርከብ ላይ ለመብረር የተገጠመለት የማያስፈልግ ዕቃ ተነቅሎለት፣ በደንብ በሠለጠኑ አብራሪዎች እጅ የሶቪየት አውሮፕላኖችን በመቶዎች እንደጣሉበት መዝግበዋል። ስሙ አንድ ነው፤ ዕጣው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ።

ከራሳችን ታሪክም አለ። በ1969 ክረምት ኦጋዴን ላይ የሶማሊያ ሚግ 21 ከእኛ ኤፍ 5 ይፈጥን ነበር። ሆኖም የእኛ አብራሪዎች በሥልጠና ስለበለጡ ሰማዩን ያዙት። ጀግኖች ነበሩ፣ ማንም አይክደውም። ግን ያ ጀግንነት ለዓመታት ሲሠለጥን የኖረ እጅና ዓይን ነበረው። ስለ እነሱ ስንናገር ልባቸውን ብቻ አንስተን ትምህርታቸውን የምንዘለው ለምንድን ነው?

ጎጃም ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጣሊያኖች አምስት ዓመት ሙሉ አርበኛውን የደበደቡበት ካፕሮኒ 133 ባለ ሦስት ሞተር፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቦምብ ጣይ ነበር። ሃሪኬን ቢያገኘው የሚተርፍ አይመስለኝም። ተዋጊ አውሮፕላን በሌለው በጮቄ ተራራ ግርጌ ግን የሰማይ ንጉሥ ነበር።

አያቴ እንደምትነግረኝ፣ ድምፁን ቀድሞ የሚሰማው ጉብታው ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ይጮኻል፤ የማዶው ይቀበለዋል፤ ጩኸቱ ከኮረብታ ኮረብታ እየዘለለ እነሱ መንደር ይደርሳል። ነጭ ነገር ከላይ ይታያልና፣ ኩታዋን አጣጥፋ ከሆዷ ሥር ደብቃ ሸለቆው ጥግ ትተኛለች። አውሮፕላኑ ከራሷ በላይ ሲደርስ መንደሩ ባዶ፣ ከብቱም ጫካ ገብቶ ነበር።