ሻጯ «ትልቁን አትግዙ» ስትል

የአዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በትህትና አይታሙም። መገናኛም ሂዱ መርካቶ፣ ገና በሩን ሳታልፉ «ግቡ፣ ምን ፈለጋችሁ?» የሚል አለ። ወንበር ይሳባል፤ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት «እናቴ»፣ ሸበቶው «ጋሼ» ይባላል። ችግሩ ይህ ሁሉ ገንዘቡ ተቆጥሮ እስኪያልቅ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ደረሰኙ ላይ ያለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ነው፤ ያውም ደረሰኝ ከተሰጠ።

ስለዚህ እኔ ጥሩ መስተንግዶ የምለው ፈገግታውን አይደለም። ሻጭ የራሱን ገቢ የሚቀንስ እውነት ለገዢው ሲነግር ነው።

በቅርቡ ለእናቴ ቴሌቪዥን ልንገዛ በገባንበት ሱቅ የገጠመን ይኸው ነበር። ዓይኔን የጣልኩት 55 ኢንቹ ላይ ነው። ሻጯ ዋጋ ከመጥራቷ በፊት ወደ እናቴ ዞረችና «እናቴ፣ የሚቀመጡበት ሶፋ ከቴሌቪዥኑ ምን ያህል ይርቃል?» ስትል ጠየቀች። እናቴም «ኧረ ቅርብ ነው፣ ሳሎኗ ጠባብ ናት» አለቻት።

«የሚያዩት በዲሽ ነው ወይስ በኢንተርኔት?»

«በዲሽ ነው ልጄ። ቅዳሴና ዜና፣ ሌላ ምን አያለሁ?»

«እንግዲያው ትልቁን አትግዙ፤ 43ቱ ይበቃዎታል።»

ምክንያቱንም አስረዳችን። ያ 55 ኢንች ፎርኬ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያሉት ነጥቦች 3840 በ2160 ናቸው። ፉል ኤችዲ የሆነው 43ቱ ግን 1920 በ1080 ነው፣ በነጥብ ብዛት የዚያ ሩብ ማለት ነው። በዲሽ የሚመጣው ምስል ደግሞ ቢበዛ ኤችዲ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ የጎደለውን ነጥብ እየገመተ ይሞላዋል። ከሩቅ ለሚያይ ብዙም አይታወቅም። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን የሰው ፊት ሲደበዝዝ ይታያል። ይህን ያህል ዓመት ቴሌቪዥን ሳይ ስኖር እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሻጭ አልገጠመኝም።

ካርቶኑን ፊታችን ከፍታ ቴሌቪዥኑን ሰካችው። መጀመሪያ ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ምስል አሳየችን፤ የሞተ ነጥብ ወይም ስንጥቅ ካለ እንድናየው ነው። ሴሪያል ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር አመሳክራ ደረሰኙ ላይ ጻፈችው። ዋስትናው የተሰበረ ስክሪን እንደማይሸፍን፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ለሚደርስ ቃጠሎም እንደማይሠራ ሳንጠይቃት ነገረችን። «ስታቢላይዘር ያስፈልጋችኋል፤ ከእኛ ባትገዙትም ከሌላ ቦታ ግዙ» አለች። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለው የታወቀ ጥያቄ አልመጣም። ደረሰኙን ቆረጠች፣ አበቃ።

ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ «ዕድለኞች ናችሁ» ይለኛል። አነጋገሩ አይጥመኝም። ዕድል የምንለው ነገር በሕግ የተጻፈ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት፣ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል። ዕቃ አገላብጦ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከደረሰውም በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ያ «አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ይህን መብት ይሽራል ብሎ የሚያምን ነጋዴ ብዙ ነው፤ የሚያምን ገዢም አይጠፋም።

እርግጥ ገዢውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። 15 በመቶውን ቫት ለማትረፍ ያለ ደረሰኝ ተስማምቶ የሚወጣ ሰው፣ ዕቃው ሲበላሽ ምን ይዞ ይመለሳል? ነጋዴውም የራሱ ጣጣ አለው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የሸጠውን ዕቃ ነገ በዚያው ብር መልሶ ማስገባቱን እርግጠኛ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነጋዴ ደንበኛን ለከርሞ አያስብም፣ የዛሬውን ትርፍ ነው የሚያሳድደው። ብዙ ቦታ ሻጮቹ በኮሚሽን ይሠራሉ። በኮሚሽን የምትኖር ልጅ 43ቱን ግዙ ብትል ከራሷ እንጀራ መቁረሷ ነው።

የሱቁን ባለቤት ይህንኑ ጠየቅሁት። ኮሚሽን እንደማይከፍል፣ ደመወዝ እንደሚከፍል ነገረኝ። «ያልረካ ሰው ተመልሶ መጥቶ ሲጮህ፣ የገቡት ሌሎች ሦስት ገዢዎች ይወጣሉ» አለኝ። ደግነት አልጠቀሰም፣ ጽድቅም አልጠቀሰም። ሂሳብ ነው የነገረኝ። እኔም ይሄ ነው የተመቸኝ፤ ደግ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ አይጠይቅማ። ሻጭን በደመወዝ መቅጠርና ዕቃን ከፍቶ ማሳየት ሌላውም ሱቅ የሚችለው ነገር ነው።

ሱቁ ግን እንከን አልባ አልነበረም። ያው አዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል። እዚያ ከተደረደሩት ቴሌቪዥኖች አንዱም ላይ ዋጋ አልተለጠፈም። ስንትነቱን የሰማነው ከሻጯ አፍ ነው፤ እናቴ ተከራክራ አስቀነሰች፣ እኔም ደስ አለኝ። ከእኛ ቀድሞ ያንኑ 43 ኢንች አሸክሞ የወጣው፣ መከራከር የማይሆንለት የሚመስለው ሰውዬ ስንት እንደከፈለ ግን አላውቅም።