ጋራው ላይ ነፋስ፣ መጋዘኑ ውስጥ ናፍታ

እናቴ፣ ልጅሽ ካሊፎርኒያ ምን ይሠራል ሲሏት «ሹፌር ነው» ትላለች። ባለፈው ቡና ላይ አንዲት ጎረቤታችን «ምንድን ነው የምትነዳው ልጄ?» አሉኝ። ፎርክሊፍት አልኳቸው። «ባለ ስንት ሰው ነው?» ባለ አንድ። ዝም አሉ። ከንፈራቸውን ሲመጡልኝ ግን አይቻለሁ።

እኔ በሥራዬ አላፍርም። ይህችን ከፊቷ ባለ ሹካ የዕቃ ማንሻ መኪና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሪቨርሳይድ አካባቢ ካሉት መጋዘኖች ውስጥ ስነዳ ኖሬያለሁ። ስለ ፎርክሊፍት ከነካችሁኝ እስኪሰለቻችሁ ነው የማወራው። አሁንም ላወራ ነው፤ ምክንያቱም ለዕረፍት አዳማ መጥቼ ያየሁት ነገር ዝም አላስብለኝ አለ።

የእህቴ ባል ሴራሚክ ያስመጣል። ኮንቴነሩ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ሲመጣ «አንተ ባለሙያ ነህ፣ ና እይልን» ተባልኩና ሄድኩ። በሰዓት የተከራዩት የናፍታ ፎርክሊፍት ገና ከመነሳቱ መጋዘኑ በጥቁር ጭስ ታፈነ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ በር፣ መስኮት የሚባል የለም። ልጆቹ አፍንጫቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ካርቶን ይደረድራሉ። ኦፕሬተሩ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። ሲቆምም ሞተሩን አያጠፋም። ለምን ስለው «ካጠፋሁት መልሶ አይነሳልኝም» አለኝ።

አየር ፍለጋ ወጣሁ። ቀና ስል፣ ከከተማው ባሻገር ጋራው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ተደርድረው ቀስ ብለው ይሽከረከራሉ።

ያንገበገበኝ ይሄ ነው። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት ሲደመሩ 136 ተርባይን ናቸው፤ 204 ሜጋ ዋት። የአዳማ ነፋስ ምን እንደሆነ ለአዳማ ልጅ አይነገርም፤ አቧራውን እየቃምን ነው ያደግነው። ያ ነፋስ ዛሬ መብራት ሆኗል። የዓባይ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር እንኳ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ታዲያ የመጨረሻዋ ሃያ ሜትር ስትደርስ ናፍታ ምን አመጣው?

ፈረንጅ አገር ሁሉ ነገር ንጹህ ነው እያልኩ አይደለም። መጀመሪያ የገባሁበት መጋዘን ፎርክሊፍቱ ከኋላው የጋዝ ሲሊንደር አዝሎ የሚሄድ ነበር። ማታ ቤቴ ስገባ ራሴን ይፈልጠኝ ነበር። ከሰል ቤት ውስጥ ሲጨስ ሰው የሚገድለው ጋዝ፣ ሽታ የሌለው፣ እሱው ነው ከዚያም የሚወጣው። የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 በፈረንጆቹ ሰኔ ደንብ አወጣ። በጋዝና በቤንዚን የሚሠሩት ፎርክሊፍቶች ከ2028 ጀምሮ በየተራ እየወጡ እስከ 2038 ያልቃሉ ይላል። ናፍታውን ግን ያ ደንብ አልነካውም። እነሱም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያልፉት ነገር አለ ለማለት ነው።

ከጋዙ ቀጥሎ የአሲድ ባትሪ መጣልን። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ስምንት ሰዓት ይሠራል፣ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ይደረጋል፣ ስምንት ሰዓት ይቀዘቅዛል። ሌት ተቀን በሚሠራ መጋዘን አንድ ፎርክሊፍት ሦስት ባትሪ ይፈልጋል ማለት ነው። ውሃ ስሞላበት አሲዱ የበሳቸው ሱሪዎች እስካሁን አሉኝ። ደግነቱ ክብደቱ ነው። ትልልቁ ከቶን በላይ ይመዝናል፤ ከፊት ሹካው ላይ ዕቃ ሲጫን ከኋላ ሆኖ ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው።

የሊቲየም ባትሪው ሲመጣ ቀለለ። በጣም ከመቅለሉ የተነሳ ሚዛን እንዲጠብቅ ብረት ይጨመርለት ጀመር። አሁን ደግሞ አዳዲሶቹን ከመጀመሪያው በትንሿ ባትሪ ልክ ነው የሚሠሯቸው። ድሮ የባትሪው ሳጥን የነበረበት ቦታ ለእግሬ ሆነ። ምሳ ስበላ እሰካዋለሁ፣ ቡና ስጠጣ እሰካዋለሁ፣ አለቀ። ትላልቆቹ እነ ዋልማርትና አማዞን በሃይድሮጅን የሚሠራም አላቸው፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይሞላና ይሄዳል። እኔን የገረመኝ ግን ዝምታው ነው። መጀመሪያ ቀን ጓደኛዬ ከኋላዬ ሲያስነጥስ ሰማሁት። አምስት ዓመት አብረን ሠርተን ሲያስነጥስ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ደግሞ መብራት እዚያ ውድ ነው። ከቀትር በኋላ ከአራት እስከ ማታ ዘጠኝ፣ በእነሱ ሰዓት፣ ታሪፉ ስለሚንር አለቃችን «አትሰኩ» ይለናል። እንዲህ እየተቆጣጠሩም ይሠሩበታል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ባል ነገርኩት። በጨዋነት አዳመጠኝና «መብራት ሲጠፋ በጥርሴ ልጎትተው?» አለ። ባትሪ እኮ ለዚያው ነው፣ ሌሊት ሞልተህ ቀን ትሠራበታለህ አልኩት። «እሺ፣ ይህን ናፍታ የሚፈታ መካኒክ ከዚህ እስከ ፍራንኮ ሰፈር አሥር እጠራልሃለሁ። የአንተ ባትሪ ሲታመም ለማን ልደውል? ለካሊፎርኒያ?» መልስ አልነበረኝም። ብቻ በእኛ 2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከልም ሰው ይህንኑ ነበር የሚለው። አሁን እሱ ራሱ የሚነዳው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ይህን ሳስታውሰው «እሱ ሌላ» አለኝ። ምኑ ነው ሌላው?

ከዚያ ደግሞ ጫኝና አውራጆቹ መጡ። ፎርክሊፍቱ ፓሌቱን፣ ካርቶኑ የተደረደረበትን ርብራብ፣ አወረደ፤ እነሱ የማውረጃ ሂሳብ ጠየቁ። ማን አወረደው? ማሽኑ። ታዲያ? «ሰፈሩ የእኛ ነው፣ ማኅበር ነን፣ ደረሰኝ አለን።» ይኼ ደግሞ የቆየ ቁስሌን ነካብኝ። ለእናቴ ፍሪጅ የገዛሁ ዕለት፣ እኔና ወንድሜ ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ አራት ወጠምሻ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው ሲያዩን ነበር። ላይ ስንደርስ ሦስት ሺህ ብር። የተሸከምኩት እኔ፣ ወገቤን የታመምኩት እኔ፣ የከፈልኩትም እኔ! አንዱማ «ዳያስፖራ ነህ አይደል፣ ምን ይከብድሃል» አለኝ። ፍሪጁ ነው የከበደኝ፣ ወንድሜ!

ወደ ሴራሚኩ ልመለስ። ኮንቴነሩ ግማሽ ሲደርስ ፎርክሊፍቱ ሁለቴ አስሎ ቆመ። ናፍታ አልቋል። ኦፕሬተሩ ጀሪካን ይዞ ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶውን ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። አንዱ ማደያ ናፍታ የለውም፣ ሌላው ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ነው፣ ሦስተኛው በጀሪካን አንቀዳም ብሎታል። ኮንቴነሩ ደግሞ ዛሬውኑ ባዶውን ካልተመለሰ ዲመሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል።

የማኅበሩ ልጆች ጥላ ስር ተቀምጠው ጫት ይቅማሉ። አለቃቸው ቀስ ብሎ ተነሳና ጨርቁን ትከሻው ላይ አነጠፈ። «ይኼኛው የማውረጃ ነው፤ የቅድሙ ደግሞ የሰፈር» አለ።

የእህቴ ባል ወደ እኔ ሳያይ ኪሱ ገባ። ጋራው ላይ እንደሆነ ያው ይሽከረከራል።