ማን ቀሰቀሰው?

ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ የጠረጴዛው ኮምፒውተር ብቻውን ነቅቶ ስክሪኑ ቦግ ሲል፣ የቤቱ የመጀመሪያ ፍርድ «ቫይረስ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሰው ገብቶበታል»። ሦስተኛውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ነገር ግን ሁሉም አንዴ ዞር ብሎ በሩን ያየዋል። በነጋታው ደግሞ ከዘመድ መካከል ኮምፒውተር ያውቃል የሚባለው ይጠራና ወንበር እንኳ ሳይስብ «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ይፈርዳል። እሱ ድምፅ ቢጠፋም ፎርማት፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ቢያልቅበትም ፎርማት ነው የሚያዘው። ኮምፒውተሩን ራሱን «ማን ቀሰቀሰህ?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ቢጠየቅ ደግሞ ይናገራል። እንደነቃ፣ መልሶ ሳይተኛ፣ የዊንዶውስን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ በአድሚኒስትሬተርነት ከፍቶ «powercfg /lastwake» ብሎ መጻፍ ይበቃል። አንዳንዴ የኔትወርክ ካርዱን ወይም አንዱን የዩኤስቢ መሣሪያ በስሙ ይጠራል። አንዳንዴ ዜሮ ጽፎ ዝም ይላል። ዝም ካለ የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማያው፣ ኢቨንት ቪውወር፣ ይከፈት፤ በዊንዶውስ ሎግስ፣ ሲስተም የሚለው ውስጥ ምንጩ ፓወር ትራብልሹተር፣ ቁጥሩ 1 የሆነውን መዝገብ ፈልጉ። የተኛበት ሰዓት፣ የነቃበት ሰዓትና የቀሰቀሰው አካል እዚያ ሰፍረዋል። ሰዓቱ ግን በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ የተጻፈ ነውና ወደራሳችሁ ሰዓት ሳትቀይሩት ክስ አትጀምሩ፤ በዚያ ሰዓት ቤት ያልነበረ ሰው ትወነጅላላችሁ።

የኮምፒውተር እንቅልፍ የዘበኛ እንቅልፍ ነው። ፕሮሰሰሩ ያርፋል፣ ፋኑ ይቆማል፤ ጊዜያዊ ማስታወሻው ራም ግን የከፈታችሁትን ሥራ ይዞ ለመቆየት ኃይል ያገኛል፣ ፓወር ሰፕላዩም ያቺን የተጠባባቂ 5 ቮልት መላኩን አያቋርጥም። በዚህች ኃይል አንድ ዓይናቸውን ገልጠው የሚያድሩት እነማን እንደሆኑ «powercfg /devicequery wake_armed» ይዘረዝራቸዋል። ዝርዝሩን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ሁሉ ሥልጣን ማን እንዳደላቸው ነው። መልሱ «እንደዚያው ሆኖ ነው የመጣው» ነው፤ ከዝርዝሩ ያስወጣቸውም የለም።

ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ማውሱን አስቀድሙ። ኦፕቲካል ማውስ ከሥሩ ያለውን ገጽ በብርሃን እያነበበ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን የሚወስን ፍጡር ነው። ጠረጴዛው መስታወት ወይም የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ አለዚያም ዳሳሹ ላይ ፀጉር ከተቀመጠ፣ ሳይነካ ተነካሁ ይላል። በር ገጭ ሲል፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ፣ ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ስትዘል ደግሞ በእርግጥም ይነቃነቃል። ለአንዲት ሚሊሜትር ብሎ ቤት ሙሉ ሰው ያስነሳል! መድኃኒቱ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ባለበት በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ነው፤ ማውሱን ከፍታችሁ ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ «ይህ መሣሪያ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ ፍቀድ» ከሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን አንሱ። ኪቦርዱን ተዉት፤ በር የሚዘጋ ሰው ኪቦርድ አይጫንም። የዩኤስቢ መሣሪያ ብዙ ከሆነባችሁ በየሌሊቱ አንድ አንዱን እየነቀላችሁ አሳድሩ። ሁሉንም በአንድ ሌሊት የነቀለ ሰው ችግሩ ይጠፋለታል፤ ጥፋተኛው ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

የኔትወርክ ካርዱ ጠባይ ሌላ ነው። እሱ ጨዋታ ይወዳል። በዚያው መስመር ላይ ያለ ሌላ መሣሪያ «እንዴት አደርክ?» ሲለው ኮምፒውተሩን በሙሉ ቀስቅሶ መልስ የሚያሰጥበት ጊዜ አለ። ኮምፒውተራችሁን ከሩቅ የማታስነሱት ከሆነ ፈቃዱን ጨርሶ ንሱት። የምታስነሱት ከሆነ ግን በማጂክ ፓኬት ብቻ እንዲቀሰቅስ የሚያዘውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። ማጂክ ፓኬት መጀመሪያ 6 ባይት መለያ፣ ከዚያ የካርዱን አድራሻ 16 ጊዜ ደጋግሞ የያዘ 102 ባይት መልእክት ነው። አድራሻው 16 ጊዜ ሳይጠራ አይነሳም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ክብር ለሰውም ቢሆን!

ሰዓቱን ጠብቆ የሚነቃ ከሆነ ጥፋቱ የሃርድዌር አይደለም፤ ቀጠሮ የያዘ አለ። «powercfg /waketimers» የቀጠሮውን ባለቤት ያሳያል። የዊንዶውስ አውቶማቲክ ጥገና ካልቀየራችሁት ቀጠሮው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የሥራ ቀጠሮ በሚያዝበት በታስክ ሼጁለር የተመዘገቡ ሥራዎችም ኮንዲሽንስ በሚለው ገጻቸው ላይ «ይህን ሥራ ለመሥራት ኮምፒውተሩን ቀስቅስ» የሚል ሳጥን አላቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዝም ለማሰኘት ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ፣ ስሊፕ ከሚለው ሥር የማንቂያ ሰዓቶችን መከልከል ይቻላል። እዚያ ሦስት ምርጫ ታገኛላችሁ፤ ፍቀድ፣ ከልክል፣ «አስፈላጊዎቹን ብቻ»። ሦስተኛው አስተዋይ ይመስላል። ችግሩ አስፈላጊ መሆኑን የሚወስነው ተኚው ሳይሆን ቀስቃሹ ነው፤ በሌሊት ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ ጉዳዩ አስቸኳይ እንደሆነ ነው የሚምለው። ከልክሉት።

ዊንዶውስ ምንም የማያውቅ ከሆነ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ፣ ባዮስ፣ ውስጥ ግቡና በሰዓት ማስነሻውንና በኔትወርክ ማስነሻውን አጥፉ። ያም ካልበጀ ሃይበርኔት ይሻላል፤ ሥራውን ከራም ወደ ዲስክ ጽፎ ስለሚተኛ ለመነሳት ትንሽ ቢዘገይም በሽርፍራፊ ንቅናቄ አይደነግጥም። ድራይቨር (መሣሪያውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከታደሰ በኋላ ደግሞ ሳጥኖቹን መለስ ብላችሁ እዩ፤ ያነሳችሁት ምልክት ተመልሶ ተቀምጦ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ኪቦርዱንም ማውሱንም ከከለከላችሁ ግን ለቤተሰቡ ንገሩ። ያለዚያ ጠዋት ማውሱን አወዛውዞ መልስ ያጣ ሰው የኬዙን ቁልፍ ተጭኖ ይይዘዋል። ነካ ቢያደርገው ይነቃ ነበር፤ 4 ሰከንድ ያህል ከያዘው ግን ኃይሉ ተቋርጦ ሴቭ ያልተደረገው ሥራ ሁሉ ይጠፋል። ቁልፉ ሥር «ነካ ብቻ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ፤ በትልቁ።