አስራ ሁለተኛን ያላለፈ ሰነፍ ነው?

አቦ ወንድሜ፣ «አስራ ሁለተኛን ያላለፈ ሰነፍ ነው፣ ከዚያ በኋላ በሩ ተዘግቷል» ያልከው ልክ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ታዲያ ያ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው? መምህርና መጽሐፍ ያነሰበት ትምህርት ቤት ውስጥ የተማረን ልጅ ለብቻው መውቀስ ግፍ ነው።

በሩም አልተዘጋም። ከ50 በታች ሆነው ለሬሜዲያል (ለማካካሻ ትምህርት) የተቀመጠውን ነጥብ ያመጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ትምህርቱን አልፈው፣ ዛሬ ከሌላው እኩል ይማራሉ። ቴክኒክና ሙያም አለ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትነህ በደረጃ ታድጋለህ። ድሬዳዋችን ደግሞ ድሮም በባቡሩ ወርክሾፕ እጁን ባሰለጠነ ሰው የቆመች ከተማ ናት፣ ዛሬም ኢንዱስትሪ ፓርኩና ነፃ የንግድ ቀጠናው ኤሌክትሪሺያንም፣ በያጅም፣ ሹፌርም ይፈልጋሉ።

እኔ ራሴ ውጤቴ መጥቶ ከቤት መውጣት ያፈርኩባቸው ሳምንታት ነበሩ። ያኔ የጎዳኝ ነጥቡ ሳይሆን እንዲህ ያለው ወሬ ነው። ስለዚህ እባክህ፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን ሰፈር ውጤቱን ይዞ አንገቱን የደፋ ታናሽ ካለህ፣ መጀመሪያ ሬሜዲያል ይደርሰው እንደሆነ አብረኸው አጣራ።