ግድግዳው እያለ «ጥቅል አሳድጉ» ለምትሉን

ሰፊና አሮጌ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው «ዋይፋዩ አልደርስ አለኝ» ብሎ አቤት ባለ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ያው ነው፤ የኢንተርኔት ጥቅሉን ወደ ፈጣኑ አሳድግ። አሳደግን። ድሮም ችግር ያልነበረበት ሳሎን ይበልጥ ፈጠነ፤ ከኮሪደሩ ማዶ ባሉት ክፍሎች ግን በቪዲዮ የምናነጋግረው ሰው ዛሬም አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል። ወደ ቤቱ የሚገባው መስመር የቱንም ያህል ቢፈጥን በራውተሩና በስልኩ መካከል የቆመውን ድንጋይ አያሳሳውም። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ፍጥነት ሸጦልን ሲሄድ እንዴት አያናድድ?

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። የቤት ራውተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ወፍራም ግድግዳ ሲገጥመው ቶሎ ይደክማል፤ የ2.4ቱ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ሆኖም ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሠሩት ቻናሎች፣ ማለትም የሞገዱ መተላለፊያዎች፣ በተለምዶ 1፣ 6 እና 11 ብቻ በመሆናቸው ከጎረቤት ራውተርና ከማይክሮዌቭ ምድጃ ጋር ሲጋፋ ይውላል። በዚህ ላይ አሮጌ ቤት የሚደብቀው ነገር አያልቅም። የእኛ ቤት ግድግዳ ሥዕል ለመስቀል ሲበሳ መሰርሰሪያው ልስኑን እንዳለፈ አፏጭቶ ቆመ፤ ለካስ ልስኑን እንዲይዝ ከሥር የብረት ወንፊት ተዘርግቶ ኖሯል። ብረት ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን ወደ መጣበት ይመልሳል። እንዲህ በታጠረ ቤት ውስጥ «ራውተሩን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት» የሚለው ምክር የት ድረስ እንደሚያስኬድ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ሻጮች በበኩላቸው አንቴናው እንደ ጃርት የቆመ ራውተር ያቀርባሉ። የራውተሩ ሲግናል ስልኩ ዘንድ ቢደርስ እንኳ፣ ስልኩ በአነስተኛ ኃይል የሚልከው ምላሽ ግድግዳውን አልፎ ካልተመለሰ ገጹ እንደማይከፈት ግን ማንም አይነግራችሁም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨው ሪፒተር ነው። ሲግናል በጠፋበት ክፍል ሰኩት ይሉናል፤ እሱ ግን ደካማውን ተቀብሎ ደካማውን ከማስተላለፍ በቀር ከየት ያመጣል? ባለ አንድ ሬዲዮ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ መቀበልና መላክ ስለማይችል በተራ ይሠራል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ስልኩ ላይ ያሉት የሲግናል መስመሮች ሙሉ ሆነው ይታያሉ፣ ምክንያቱም የሚያሳዩት ከስልኩ እስከ ሪፒተሩ ያለውን ብቻ ነው፤ ገጹ ግን አይከፈትም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። በየክፍሉ የሚቀመጡ በርካታ ሣጥኖች እንደ አንድ ዋይፋይ የሚሠሩበት፣ ሜሽ የሚባለው የተሻለ ነው፤ ዳሩ ግን ሣጥኖቹ እርስ በርስ የሚገናኙት ያለ ገመድ እስከሆነ ድረስ ያው ግድግዳ መካከላቸው አለ።

ታዲያ መፍትሔው ሲጠፋ ነው ወይ? አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ በዚያኛው ጫፍ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ከኬብሉ ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሣጥን፣ ተሰቅሎ ከራውተሩ ጋር አንድ ዓይነት ስምና የይለፍ ቃል ቢሰጠው ነገሩ አለቀ። ግድግዳ መብሳት የማይፈልግ ሰው ኬብሉን በጣሪያው ሥር፣ በወለሉ ጠርዝ ወይም በአሮጌው የስልክ መስመር ቱቦ ውስጥ ሊያሳልፈው ይችላል። በኤሌክትሪክ መስመር ኢንተርኔት የሚያስተላልፉ መሣሪያዎችም አሉ፤ ውጤታቸው ግን በሽቦው ጥራት ስለሚወሰን በአሮጌ ቤት ብዙ ተስፋ አልጥልባቸውም። ኬብል መዘርጋት ልፋት አለው፣ አቧራ አለው፣ ለሻጩም ወር በወር የሚያስገባለት ነገር የለም፤ ስሙ የማይነሳውም ለዚህ ይመስለኛል።

እባካችሁ፣ የምትመጡ ባለሙያዎች፣ ራውተሩ ሥር ቆማችሁ ፍጥነት ለክታችሁ «ይኸው ይሠራል» አትበሉን። እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ዝለቁ፣ በሩን ዝጉት፣ ከዚያ ለኩ።