ይድረስ ለክቡር «ደረሰበት!» አርዕስተ ዜና

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትዎ በስተቀር» እንዳልል፣ መች ፋታ ሰጥተውኝ ይናፍቁኛል?

እርስዎ እኮ ጉድ ነዎት፤ «ዊንዶውስ ዩኒክስን (የትላልቅ ኮምፒውተሮችን አንጋፋ ስርዓተ ክወና) ደረሰበት!» እያሉ ስንት ዓመት። በ1992 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ባይት መጽሔት «ዩኒክስ ሞቷል?» ብሎ ሽፋኑ ላይ ሲያወጣ፣ ገዳይ የተባለው የማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ኤንቲ ገና ገበያ አልወጣም ነበር። ሟች ሳይታመም ድንኳን አስጣሉ! ከዚያ ዊንዶውስ 2000 ሲመጣ ደረሰበት። በ2003ቱም ደረሰበት። በ2008ቱም ደረሰበት። የደረሰ ሰው አረፍ ይላል እኮ።

የ2002ቱ ግን ከሁሉም ይብሳል። ማይክሮሶፍትና የኮምፒውተር ኩባንያው ዩኒሲስ ደንበኞችን ከዩኒክስ ለማስኮብለል ዘመቻ ከፈቱ፤ ድረ ገጽም አቆሙ። ነገረኛ አይጠፋምና ገጹ በምን እንደሚሰራ ተፈተሸ። ፍሪ ቢኤስዲ፣ ከነድረ ገጽ ማስተናገጃው ከአፓቼ ጋር! የዩኒክስ የስጋ ዘመድ ማለት ነው። ተሯሩጠው ወደ ዊንዶውስ አዛወሩት።

ደግሞስ ሰርቨር ኮር፣ ያ በጽሁፍ ትእዛዝ የሚሰራው ዊንዶውስ? «ማውስ እያለ በጥቁር ስክሪን ትእዛዝ የሚጽፍ ማነው?» ሲባል ተከርሞ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ላይ ይዘውት መጡ። ጭነው ሲከፍቱት የስታርት ቁልፍ የለም። አንዲት ጥቁር መስኮት፣ ብልጭ ድርግም የምትል ከርሰር፣ አለቀ። እርስዎም እልል አሉ።

እርስዎ ወዲያ እያዩ ሲያጨበጭቡ፣ የሄልሲንኪው ተማሪ በ1991 የጀመረው፣ ዩኒክስን መሳዩ ሊነክስ በጓሮ ገብቶ የእነ ሶላሪስን (የዩኒክስ ዝርያዎቹን) እንጀራ በላ። ከ2017 ማብቂያ ወዲህ በዓለም ፈጣኖቹ ዝርዝር፣ ቶፕ 500 ላይ የሚሰለፉት ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሰሩት በእሱ ነው። እሱንም ቢሆን አዲስ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) በወጣ ቁጥር «አሁን ገና ለትልቅ ድርጅት ደረሰ» ሲሉለት ኖረዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አለቆች እርስዎን ብቻ ነው የሚያነቡት፤ ከስርዎ ያለውን ጽሁፍ አይነኩትም። «ደርሷል አሉ፣ ለምን አንቀይርም?» ይሉኛል ማኪያቷቸውን ይዘው። ዳታቤዙን ማን ያዛውረዋል? ባክአፑ መነሳቱን ማን ይሞክረዋል? ማን ያድራል? ይሄ እርስዎ ላይ አልተጻፈም።

መቼም ነገ መምጣትዎ አይቀርም። ብቻ ሲመጡ፣ በሞቴ፣ ከሰኞ ስብሰባ በኋላ ይሁን።

አክባሪዎ፣
የሌሊት ተረኛው